የሂርማታ ጀልባ

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ጾም ተፈታ። ሊፍቱ ዛሬም ተበላሽቷል። አራት ፎቅ በእግሬ ወርጄ ወጣሁ፣ መደገፊያውንም አልያዝኩ። የሚያየኝ ሰው ግን አልነበረም...

ቀትር ላይ ኖላዊ ደወለ። የጅማ ልጆችን ማኅበር የሚመራው ነው። በየዓመቱ ሰመር ላይ እዚህ ሰው አገር፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ሐይቅ ያለበት ፓርክ እንሰበሰባለን። ዘንድሮ የጀልባ ውድድር አለ አለኝ። የሂርማታ ሰፈር ልጆች በአንዱ ጀልባ፣ የፈረንጅ አራዳ ልጆች በሌላው።

«ጋሼ እንግዳወርቅ፣ ለሂርማታ ይቀዝፋሉ?»

ልቤ ዘለለች። ግን ሰው እንደተጠየቀ ዘሎ እሺ ይላል? «ኧረ እኔ ምን አደርግላችኋለሁ፣ ለወጣቶቹ ይሁን» አልኩ።

«እሺ ጋሼ፣ ኖ ፕሮብሌም» ብሎ ዘጋው።

ዘጋው! አንዴ ብቻ ጠይቆ! እናቱ ጎረቤቴ ነበረች። አንድ ማንኪያ ማር ለማቅመስ ሦስት ጊዜ በሞቴ የምትል ሴት። ይሄ ማንን ወጣ?

ሐምሌ 6

አልደወለም። ስልኩ ቻርጅ ጨርሶ እንዳይሆን ብዬ አየሁት። ሙሉ ነው።

ሐምሌ 8

ለገሰ ከጎረቤት ከተማ፣ ከፎልስ ቸርች ደወለ። የፈረንጅ አራዳ ልጅ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ እንዳናደደኝ አለ።

«እንግዳ፣ ውሃ ፈራህ አሉ!»

«እኔ? ቦዬ ሐይቅ ላይ ከጉማሬ ጋር የዋኘሁት?»

«የዋኘውማ ጉማሬው ነው። አንተ ሱሪህን ይዘህ ዳር ቆመህ ነበር።»

እሱ ይቀዝፋል። ማን ለመነህ ብዬ ብጠይቀው «ማንም። ራሴ ደውዬ ጻፉኝ አልኩ» አለኝ። ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

እኔን እንግዲህ ድንኳን ሥር ከሽማግሌዎች ጋር አስቀምጠው ውሃ በፕላስቲክ ሊያጠጡኝ ነው። ለገሰ ከሐይቁ ላይ እጁን ሊያውለበልብልኝ! ከዚያ ወዲያ ዓመቱን ሙሉ ማን ይችለዋል?

ባለቤቴ አበዛሽ ብትኖር ኖላዊ ጋ ትደውልልኝ ነበር። እኔ እንዳላወቅኩ እሆናለሁ... ነፍሷን ይማር።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ሩሃማ፣ የልጄ የቤዛዊት ልጅ፣ ኦልድ ታውን ወሰደችኝ። አንተ እያለች ነው የምትጠራኝ፤ ተቆጥቼ ተቆጥቼ ተውኩት። የድሮ ቤቶቹን አሳየችኝ። እያንዳንዱን ጡብ ጠብቀው ይዘውታል፤ በየበሩ የቤቱን ታሪክ ጽፈዋል። እኔም ስለ ሂርማታ ባለ ሰገነት ሱቆች ነገርኳት።

ወንዙ ዳር ስንደርስ «አባባ፣ አይስክሬም?» አለች።

«ይቅርብኝ ልጄ።»

ለራሷ ብቻ ገዝታ መጣች! ፊቴ ቆማ ትልሳለች።

«ለኔስ?»

«ኖ አልከኝ እኮ!»

አስቀምጬ አስተማርኳት። የመጀመሪያው እምቢታ አክብሮት ነው። ሁለተኛው የጋባዡን ልብ ማያ ነው። ሦስተኛው ላይ ሰው ይሸነፋል። «ዌይት... ሦስት ጊዜ? ሲሪየስሊ?» ብላ ስትስቅ አይስክሬሙ ክንዷ ላይ ወረደ። ያኔ ስለ ጀልባው አወጣሁት።

«ታዲያ ኖላዊን ኮል አድርገው!»

«እኔ? ሞቼ ነው ቆሜ!»

«እኔ ልደውል?»

«ተይ።»

«ልደውል?»

«ተይ አልኩሽ!»

አየችኝ። «ልደውል?»

«...እንግዲህ ካልሽ።»

ደወለች። ቦታው ሞልቷል አላት። ሰው ከቀረ ብቻ።

ሐምሌ 16

ሰው እንዲታመም መመኘት ኃጢአት ነው። ትንሽ ጉንፋንስ?

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ማንም አልታመመ።

ፓርኩ ሞልቶ ነበር። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ፎቶ ዛፍ ላይ ሰቅለዋል። ባለ ሦስት እግር በርጩማዎች ሣሩ ላይ ተደርድረዋል፤ ልጆቹ እንደ መቀመጥ ፎቶ ያነሷቸዋል። እኔን ድንኳን ሥር አስቀመጡኝ። ውሃውም በፕላስቲክ መጣ። ለገሰ ብርቱካን የመሰለ ላይፍ ጃኬት ለብሶ ሁለት ጊዜ በፊቴ አለፈ። ምንም የረሳው ነገር አልነበረም።

ሩሃማ ኖላዊን ወደ ዳር ስባ ስታወራው አየሁ። ጣቷን ታወጣለች... አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ኖላዊ ላይፍ ጃኬቱን እያወለቀ መጣ።

«ጋሼ፣ የኔን ቦ...»

«እሺ!»

አንድ እግሬን ጀልባው ውስጥ አስገባሁ። እሱ ግን ከሩሃማ አጥንቶ የመጣ ነው፣ ከተቀመጥኩም በኋላ «በሞቴ ጋሼ!» ይለኛል። «ገብቻለሁ እኮ አንተ ልጅ!» «አይ፣ በሞቴ!» ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

ቀዘፍን። ሁላችንም በአንድ በኩል ቀዝፈን ጀልባው ዞረ። ከዚያ ሄደን የእነ ለገሰን ጀልባ ገጨነው። ለገሰ በስብሶ «ጉማሬው መጣ!» እያለ ይጮኻል። እንዲህ የሳቅኩት መቼ ነበር...

ፈረንጅ አራዳ ቀደመ። በአንድ ክንድ ርቀት። ይሄን የምጽፈው ማንም ስለማያነበው ነው።

ከውሃው ስንወጣ ለገሰ ሳህኑን ይዞ «ና ብላ እንጂ» አለኝ፣ ለወጉ። «እሺ» ብዬ ተቀመጥኩ። ደነገጠ። ሳህኑ ላይ የነበረችው አንዲት የዶሮ እግር ናት። ወይ ጉድ፣ ለካ እሱም ይሉኝታ አለው! ተካፈልናት።

ሐምሌ 21

ትከሻዬ በድን ሆኗል። ደስ ይላል።

ሐምሌ 24

ኖላዊ ጋ ደወልኩ። እኔው ራሴ። «ለሚመጣው ዓመት ጻፈኝ፣ ከፊት» አልኩት። በቃ። ይሄን ያህል ቀላል ነበር እንዴ?

ከዚያ ለገሰ ጋ ደወልኩ። «ቅዳሜ ሐይቁ ላይ ወጥተን እንለማመድ፣ ትመጣለህ?»

«ኧረ ተወኝ፣ ክንዴን ገደላችሁኝ እኮ» አለ።

ስልኩን አልዘጋሁትም።

«ምነው፣ አትዘጋውም እንዴ?»

«ሁለት ይቀረኛል» አልኩት።