ከጣሪያው ላይ የተቆረጠችው ሴት

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ዴል ኦስተርማን
የብሉስተም ካውንቲ የታሪክ ማኅበር ሊቀ መንበር

ባለፈው ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከክቡ በረታችን ፊት የቆመውን የነሐስ ሰሌዳ በገዛ እጅዎ ከገለጡበት ደቂቃ ጀምሮ እኔ መቀመጥ ባይሆንልኝም፣ እርስዎ በሙሉ ጤንነት እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ለዓይንዎ ጤናን እመኛለሁ።

ሰሌዳው «ይህን በረት በ1912 የሠሩት የእርሻው ባለቤት ኦስተርማን ናቸው» ይላል። መቃብራቸው ላይ በተጻፈው መሠረት እኚሁ ኦስተርማን፣ አያትዎ፣ ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። እንዲህ ካለ ታታሪ ሕፃን ዘር በመወለድዎ እንኳን ደስ አለዎት።

አንደኛ፣ ሁለት ክረምት የደከምኩበትን ጥናት ስለተቀበሉኝ አመሰግናለሁ። በረቱን የሠራችው ቅድመ አያቴ ኦሊና ቬስቢ መሆኗን፣ የሠራችውም ባሏ በሞተ በዓመቱ መሆኑን የሚያስረዳውን፣ ለእህቷ የጻፈችውን ደብዳቤ፣ ጣሪያው ላይ መዶሻ ይዛ ከቆመችበት ፎቶግራፍ ጋር ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጬ ነበር። እርስዎም ሳያነቡት «የኔ ልጅ፣ ምን ያደክምሻል? አገር ምድሩ የኦስተርማን በረት ነው የሚለው!» አሉኝ። ጸሐፊዎ ወይዘሮ ፐርልም «ለመሆኑ ሴት እዚያ ላይ ምን ልትሠራ ትወጣለች?» ብለው ሳቁ።

ሁለተኛ፣ አገር ምድሩ ለምን እንዲያ እንደሚል እርስዎም አያጡትም። በእኛ ካውንቲ እርሻ የሚጠራው በሚያርሰው ሳይሆን ሸጦ በሄደው ሰው ስም ነው። ኦሊና በክፉው የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን መሬቷን ስታጣ አያትዎ ገዙት፤ ዘጠኝ ዓመት ኖረውበት ለልጇ፣ ለአያቴ፣ መልሰው ሸጡት። ከዚያ ወዲህ ከሰማንያ ዓመት በላይ ብናርሰውም፣ መኖ መደብር ስገባ ዛሬም «የኦስተርማን ቤቷ ልጅ መጣች» ነው የምባለው። እስከ ቅዳሜ ድረስ ስቄ አልፈው ነበር። የሰፈር ልማድን በነሐስ ቀርጾ ታሪክ ያደረገው የእርስዎ ማኅበር ነው።

ሦስተኛውን እየጻፍኩ ሦስት ጊዜ ብድግ ብዬ ሰሌዳው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ያ ፎቶግራፍ ሰሌዳው ላይ አለ። ከታች መሰላሉን የያዙት አራት ወንዶች ጢማቸው ሳይቀር ይታያል፤ ኦሊና የቆመችበት የላይኛው ክፍል ግን ተቆርጧል። ለአራቱ ወንዶች ስላሳዩት አክብሮት ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሌላም ነበረኝ፤ ተውኩት። ክቡርነትዎ፣ ከእንግዲህ ማስረጃ ይዤ ስናገር «የኔ ልጅ» ተብዬ መሸኘትን አልቀበልም። በማላውቀው ሰው ስም ተጠርቼ «አቤት» ማለትን አልቀበልም። ኦሊናን ከሠራችው ጣሪያ ያወረደ ሰሌዳም ከበረታችን ፊት መቆሙን አልቀበልም።

ለስድስት ዓመቱ አናጢ ያለኝን ጥልቅ አድናቆት በድጋሚ እየገለጽኩ፣

ካሪን ቬስቢ
ከቬስቢ በረት

ማስታወሻ፦ ፎቶግራፍ ቆራጭዎ ትንሽ ስቷል። በሰሌዳው የላይኛው ጫፍ፣ ከአራቱ ወንዶች ራስ በላይ፣ አንድ የሴት ጫማ ቀርቷል። ጎብኚዎች የማን እግር እንደሆነ ሲጠይቁ ማኅበሩ መልስ ቢያዘጋጅ መልካም ነው። እኔ በየቅዳሜው ወንበሬን እዚያው አውጥቼ፣ ሙሉውን ፎቶግራፍ ይዤ እቀመጣለሁ።