ስልክ ቀድመው የማይዘጉት የመጋቢ ወንድማችን የሕይወት ታሪክ

መጋቢ ወንድማችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1938 ዓ.ም. ተወለዱ። እንደተወለዱ አላለቀሱም። እናታችን ምለው እንደነገሩን፣ አዋላጇ የራሷን ችግር እያወራች ታለቅስ ስለነበር፣ እሷ እስክትጨርስ ጠብቀው ነው ያለቀሱት። ያላመነ እናታችንን ይጠይቅ፤ ዛሬ እናትና ልጅ አንድ ጋ ናቸው።

የሥነ መለኮት ትምህርታቸውን ጨርሰው በ1962 ዓ.ም. መጋቢ ሆኑ። በዚያው ዓመት ነርስ ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ወለዱ። ስብከታቸው፣ እውነት ለመናገር፣ እንቅልፍ ያመጣ ነበር፤ የመዘምራኑ መሪ ቆሞ አንኮራፍቷል።

በ1966 ዓ.ም. አንድ ቁልፍ ሠሪ ቢሯቸው መጥቶ «አንዴ ላናግርዎ» አላቸው። ስብከት እየጻፉ ነበርና «ነገ ና» አሉት። ሰውየው ነገን አላየም፤ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ቀብሩ ላይ የሰበኩትም ያንኑ ስብከት ነው። ከዚያ ወዲያ መጥረጊያና ባልዲ የሚቀመጥባት ክፍል ውስጥ ስልክ አስገቡ፤ ቁጥሩን በየአውቶቡስ ማቆሚያው ለጠፉ። ሕጉ አንድ ነበር፦ ቀድሞ የሚዘጋው ደዋዩ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ታናሽ ወንድማቸው፣ ድምፁን ለውጦ «አማቴ ዶሮ ሆነችብኝ» ብሎ ደውሎላቸዋል። አንድ ሰዓት ሙሉ ሰምተው «ለመሆኑ ትጥላለች?» አሉ። ቀጥለውም «በል አንተ ቀልማዳ፣ ሲበቃህ ዝጋ፤ እኔ እንደሆን አልችልም።»

አንዲት ሴት ግን ሐሙስ ሐሙስ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ አስራ አንድ ዓመት ደወለችላቸው። ስሟን አልተናገረችም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። «እሺ፣ እስከ ሐሙስ እቆያለሁ» ብላ ነው የምትዘጋው። አምና ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ አንደበታቸው ሲያዝ፣ ስልኩን አልጋቸው ድረስ አመጣንላቸው። እሷ ታወራለች፣ እሳቸው ይተነፍሳሉ። ትንፋሻቸውን ሰምታ «እስከ ሐሙስ እቆያለሁ» ትላለች።

ሐኪምም ጸሎትም አልመለሳቸውም። ከትናንት ወዲያ፣ ማክሰኞ ሰኔ 4 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በሰባ ሦስት ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና ታናሽ ወንድማቸው ቀርተዋል። ያቺ ሴትም ሐዘንተኛ ናት፤ መርዶው ግን አልደረሳትም። ቁጥሯ የለንም። ዛሬ ሐሙስ ነው። ከቀብር መልስ፣ አስር ሰዓት ላይ ስልኩን ታናሽ ወንድማቸው ያነሳል። ዕድሜ ልኩን ወሬ ቸግሮት የማያውቅ ሰው፣ የሚላት ጠፍቶታል። ቀድሞ ግን አይዘጋም።

እስከ መጨረሻው የሚሰማ ጌታ ነፍሳቸውን ይቀበል፤ እሷንም እኛንም ለሚመጣው ሐሙስ ያድርሰን።