አኩራፊዋ ዘንድሮ አላፈራችም

ይድረስ ለወንድሜ፣ በሄድክበት ሁሉ ልቤ ለሚከተልህ። እንዴት ነህ? ጤናህስ? ያ ወገብህ ተሻለህ? ልጆቹ አደጉ? ሚስትህስ ያንን የማታ ሥራ ተወችው? እኛ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ነበር፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ። እማማም እኔም ደህና አይደለንም።

አባባን ከቀበርነው ሁለት ወር ሆነው። ያን ዕለት በስልክ ስነግርህ ስታለቅስ መስመሩ ተቋረጠ፤ ከዚያ ወዲህ ስትደውል ስለ ልጆቹ እናወራለን እንጂ እሱን አናነሳም። ሐኪሙ ልቡ ነው ብሏል። ልቡን ምን እንደ ሰበረው ግን ሐኪሙም አያውቅም፣ አንተም አታውቅም። አባባ እንዳትነግሪው ብሎኝ ነበር። ብቻዬን ልሸከመው አልቻልኩምና፣ ወንድምዓለም፣ ይቅር በለኝ።

ነጯን ወይናችንን፣ አኩራፊዋን፣ መቼም አትረሳትም። ከእኛ ሰፈር ውጭ ስሟን የሚያውቅ የለም። ዘለላዋ ጥርሱ እንደ ወላለቀ አፍ ክፍት ክፍት ያለ፣ ፍሬዋ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፤ ልጆች ሳለን “ዛሬ ደግሞ ማን አስቀየማት?” እያልክ ታስቀኝ ነበር። ወይን ጠጇ ግን ሌላ ነው። ቀለሙ ገለባ የመሰለ፣ ሲቀምሱት ጨው ጨው የሚል፣ ከተዋጠ በኋላ እንደ ለውዝ ልጣጭ መረር የሚል። ነጋዴው በየዓመቱ ጠጁ ገና ሳይጠራ መጥቶ የሚጠይቀው እሱን ነው። ቀዩን ዞር ብሎም አያየው። አባባም በነጮቹ ረድፎች መሃል የቆመውን ቀይ የሚንከባከበው አያታችን ስለ ተከለው ብቻ ነበር።

አምና ስትደውል ምን እንዳልክ ታስታውሳለህ? “ማሳው ነጭ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም መጥቼ እሠራው ነበር” አልክ። እየሳቅህ ነው ያልከው፣ እኔም ሰምቼ ረሳሁት። አባባ ግን ስልኩን እንደ ዘጋ “ልጄ ሊመጣ ነው” አለ። ቅጠሉ ሲረግፍ ቀዩን በሙሉ ከነሥሩ ነቀለው። ሰው እንቅጠር ስለው እምቢ አለኝ። በቀዩ ቦታ ሁሉ የአኩራፊዋን ቁራጭ ተከለበት። ማታ ማታ እጁ አብጦ ማንኪያ መያዝ ያቅተው ነበር፣ ፊቱ ግን ሙሽራ መስሎ ነበር።

የቆዩት ግንዶች አበባ ሲያወጡ እንደ ዘንድሮ አምሮባቸው አያውቅም። አባባ በረድፎቹ መሃል እየተመላለሰ “ስንት በርሜል ይበቃን ይሆን?” ይለኝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አበባው ረገፈ፣ ከሥሩ ፍሬ የለም። በሽታ መስሎት መድኃኒት ረጨ፣ ውሃ አጠጣ፤ በመጨረሻ ከችግኝ ጣቢያው ባለሙያ አስመጣን። ባለሙያዋ ዘግይታ የፈነዳች አንዲት አበባ አገላብጣ አየችና “እዚህ ሌላ ወይን ነበረ?” ብላ ጠየቀች። የአኩራፊዋ አበባ ሴቴ ብቻ እንደ ሆነ፣ የሌላ ወይን የአበባ ዱቄት ካልደረሳት ፍሬ እንደማትይዝ ያን ቀን ሰማን። አያታችን ቀዩን ለምን መሃል መሃል እንደ ተከለው ከእኛ ማንም ጠይቆት አያውቅም። አባባ ተነስቶ ወደ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲህ ወደ ማሳው አልወረደም።

ትንሽ ፍሬ የያዘው በጋሽ ቋጠሮ አጥር በኩል ያለው ጫፍ ብቻ ነው። እጃቸው አይፈታም ብለን ስም ያወጣንላቸው ጎረቤታችን፣ ቅጠል እንኳ ቆርጠው የማይሰጡት ሰውዬ፣ የእሳቸው ቀይ ወይን ነው በነፋስ የለገሰን። ለቅሜ ጨመቅኩና በትንሿ የጠርሙስ ደምበጃን አስቀመጥኩት። አባባ አልጋው አጠገብ አድርጊልኝ አለ፤ ሲፈላ እየሰማ ይተኛ ነበር። “ለወንድምሽ ይቀመጥ። ስለ ቀዩ ግን እንዳትነግሪው፣ በኔ ምክንያት ነው ይላል” አለኝ። ጠጁ መፍላቱን ሳያቆም አባባ ሞተ።

ልወቅስህ አይደለም የጻፍኩት። እውነቱን ንገሪኝ ካልክ ግን አንዳንድ ቀን ባዶውን ዘለላ ሳይ እወቅስሃለሁ። ወዲያው ደግሞ ትናፍቀኛለህ፣ ምን ላድርግ።

ከቀብሩ በኋላ ጋሽ ቋጠሮ የቀዩን ቁራጭ በትከሻቸው ተሸክመው መጡ። “ቦታው ባዶ አይሁን” ብለው ጣሉልኝና ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ። እየተከልኩት ነው፤ እስኪያብብ ዓመታት ይፈጃል። ና አልልህም። ነገር ግን ወንድምዓለም፣ ከእንግዲህ እመጣ ነበር የሚባል ጨዋታ በስልክ አትጫወት። አንተ ስታወራ እማማ ጆሮዋን ከእኔ ጆሮ ጋር ታጣብቃለች።

እማማ ልጆችህን ግንባራቸውን ሳምልኝ ትላለች፤ የምትተኛው አሁን በአባባ በኩል ነው። አክስታችን ጉልበቷን እየረገመች ሰላም ትልሃለች። ጋሽ ቋጠሮ እንኳ ሰላምታ አልቆጠቡብህም። ደምበጃኗ ምድር ቤት ናት፣ ጠጁ ጠርቷል፣ ማንም አልቀመሰውም።

ደብዳቤ በጻፍኩልህ ቁጥር እዚህ ላይ ስደርስ አባባ በሩን ተደግፎ “ወይኑ ደህና ነው በይው” ይለኝ ነበር፣ እኔም እጽፈው ነበር። ዛሬም እዚህ ስደርስ ብዕሬን አንስቼ ወደ በሩ አየሁ።

እህትህ
ከማሳው በላይ ካለው ቤታችን
ኅዳር ፳ ቀን