የአባትህ ኮዳ

ልጄ ኤፍራይን፣ የማግዳሌናው ቅዱስ ፍራንሲስኮ ከፊትህም ከኋላህም ይሁን። እኛ ደህና ነን፤ ፍየሏም ወለደች።

ካልሲህን በኩሽና ሚዛኔ ስትመዝን ዝም አልኩህ። ሸክም ይቀንሳል ብለህ የጥርስ ብሩሽህን እጀታ ስትቆርጥም ዝም አልኩ። ጭራሽ የአባትህን የውሃ ኮዳ "ይከብዳል" ብለህ ትተኸው ትሄዳለህ? አባትህ የአሪዞናን በረሃ በእግሩ ያቋረጠው ሥራ ፍለጋ ነው፤ ከሞት ያተረፈውም ይኸው ኮዳ ነው። አንተ ደግሞ ቪዛ ይዘህ፣ ያንኑ በረሃ ከዳር እስከ ዳር ለመዝናናት በእግርህ ልትሄድ! ጎረቤታችን ዶኛ ቹይ "ምነው፣ ልጅሽ አውቶቡስ ጠፋበት እንዴ?" አለችኝ።

ጉዞ ሳትጀምር እንዲያደርስልህ ኮዳውን ከዚህች ደብዳቤ ጋር ለአጎትህ ለራሞን ሰጥቼዋለሁ። እግዜር መንገድህን ያቅናልህ። እባክህ ልጄ፣ ጓዝህ ከከበደህ ደብዳቤዬን ጣላት፤ ውሃውን ግን ተሸከም።

እናትህ