ግራዋ ያረከሰው መድኃኒት

መስከረም 28 ቀን 2015
የሟች ወንድሜን ልጅ ሞቱማን ስንዴው ላይ መድኃኒት እንዳይረጭ ከልክላዋለች ይሉኛል። ጎረቤቴ ወርቂቱ ከገበያ ሰምታ መጣች። አልከለከልኩም። ግራዋ ዘፍዝፌ ውሃውን ለዋግ፣ ለስንዴው በሽታ፣ ሰጠሁት፤ የግብርናውን መድኃኒት ተው አላልኩም። ይኸው ነው።
ዝናብ። መጋረጃ አጠብኩ፤ አልደረቀም።

ጥቅምት 2
ደንዲ ሄድኩ። የሞቱማ ማሳ... ቅጠሉን ስነካው ጣቴ ላይ ብርቱካናማ ዱቄት ቀረ፤ ዋግ ነው። ደጋግሞ ረጭቷል። ታዲያ ለምን?
“መድኃኒቱ የውሸት ሳይሆን አይቀርም፣ አዳዳ” አለኝ። አክስቱ ነኝ፤ ዓይኔን ግን አላየም። ጎረቤቱ ኤጄታ ያንኑ መድኃኒት ረጭቶ ማሳው ደህና ነው።

ጥቅምት 4
የግብርና ባለሙያዋ አርሴማ ሞቱማ ቤት መጣች። የድሮ ተማሪዬ ናት።
“መድኃኒቱን በምን በጠበጥከው?” አለችው።
“በውሃ።”
“በምን ውሃ?”
ሚስቱ ዱረቲ መለሰች፦ “በአዳዳ ግራዋ።”
“የእሳቸውን ብተው ቅር ይላቸዋል” አለ ሞቱማ። “የእናንተን ብተው እናንተ ትቀየማላችሁ። ሁለቱንም አንድ መርጫ ውስጥ ጨመርኳቸው።”
“ሁለት ጣውንት አንድ አልጋ ላይ” አለ ኤጄታ። የሳቀ የለም።
አርሴማ ወደ እኔ ዞረች። “አንዳንድ ቅጠል ውስጥ ያለ ነገር መድኃኒቱን ይዞ ያረክሰዋል። አንዳንዱ ደግሞ የዋጉን ፈንገስ ያነቃዋል፤ ፈንገሱም የገባበትን መድኃኒት መልሶ ይተፋል። የእርስዎ ግራዋ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም፣ ቲቸር። እንሞክረው።”
ኤጄታ ዘግይቶ ከዘራው ማሳ ጥግ ሰጣት። በአንዱ መደብ መድኃኒቱን ብቻ፣ በሌላው ከግራዋዬ ጋር ረጨች።

ጥቅምት 22
መድኃኒት ብቻ የተረጨው አረንጓዴ ነው። የእኔ ግራዋ የገባበት በዋግ ዝጓል።
“አንድ ሙከራ ብቻ ነው” አለች አርሴማ፣ ልታጽናናኝ። እውነቷን ነው። ለእኔ ግን በቂ ነው።

ጥቅምት 25
ሞቱማ ማሳውን ለከብት ለቀቀው። ነገ ጌዶ ሊሄድ ነው፣ መኪና ላይ ጭነት ሊጭን። እርሻ በቃኝ ብሏል። ማታ ደወለ።
“የሰው ወሬ አይስሙ፣ አዳዳ። የቀላቀልኩት እኔ ነኝ።”
እኔን ሊያጽናና! አንድ ጊዜ “ግራዋዎን አልፈልግም” ቢለኝ ኖሮ ስንዴው ይተርፍ ነበር። ለምን አላለኝም? ... ፊት ለፊት እምቢ ያለኝ ሰው አለ? አስባለሁ። አንድም አጣሁ።
ነገ መጀመሪያ ወርቂቱ ቤት። ለቲማቲሟ የሰጠኋትን ግራዋ እደፋለሁ፤ ምክንያቱንም ራሴ እነግራታለሁ።
ቀጥሎ ዳቦ ቤት፣ ለሞቱማ ስንቅ።
ከዚያ አምቦ መናኸሪያ፤ የጌዶው መኪና እዚያ ይቆማል። ሞቱማን እንዲመለስ እለምነዋለሁ፤ የዘሩን ወጪ እኔ እችላለሁ።
እምቢ ካለኝ ዳቦውን ሰጥቼ እሸኘዋለሁ።