የዘጠናኛው ቀን ቀጠሮ፦ የአቶ ኅሩይ ገረመው የሕይወት ታሪክ

አቶ ኅሩይ ገረመው ከአባታቸው ከአቶ ገረመው ግዛውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኂሩት በጥቅምት ወር 1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ቀበና ተወለዱ። የተወለዱት ከቀናቸው አንድ ወር ቀድመው ነው። ያዋለደቻቸው ነርስ «ይሄ ልጅ የሚያስቸኩለው ጉዳይ አለው» ብላ ነበርና ቤተሰቡ ሲስቅበት ኖሯል።

ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላቸው እናታቸው ስላረፉ ያሳደጓቸው የአባታቸው እናት ወይዘሮ አፀደ ናቸው። ይህንንም ጽሑፍ የጻፉት እሳቸው ናቸው። የልጅ ልጃቸውን አንቱ ሲሏቸው ይህ የመጀመሪያቸው ነው፤ ወግ ነውና ይሁን።

ኅሩይ ትምህርታቸውን እዚያው ቀበና ጀምረው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተከታተሉ። ጎበዝ ተማሪ ነበሩ፤ ምግብ ላይ ግን አስቸጋሪ ነበሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ጠባይ ነበራቸው። አያታቸው በሩን ቆልፈው ሲመለሱ፣ ኅሩይ ከአልጋቸው ተነስተው እጀታውን አንዴ ሳብ ያደርጉታል። «ቆልፌዋለሁ እኮ!» ሲባሉ «አውቃለሁ እማዬ፣ መቆለፍሽን ሳይሆን መያዙን ነው የማየው» ይሉ ነበር።

ከምርጫ 97 በኋላ፣ በኅዳር 1998 ዓ.ም.፣ አባታቸው አቶ ገረመው ከቤት ተወሰዱ። ስማቸው የተገኘው አንድ የሥራ ባልደረባቸው ቤት ሲፈተሽ፣ ደብተር ውስጥ ነው። ደብተሩ የሠርግ ጥሪ መዝገብ ነበር። በዚያ የሠርግ ጥሪ አቶ ገረመው አሥራ አራት ወር ታሰሩ። ኅሩይ ያኔ የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ነበሩ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ የሰው ስም ተደርድሮ የተጻፈበትን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ካዩ ሳይገለብጡት አያልፉም ነበር።

አቶ ገረመው ሲፈቱ አባት፣ ልጅና አያት ሦስቱም ተሰደው ጄኔቭ ገቡ። ከዚህ በኋላ የሚነበበው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። የገቡት በ2007 ሲሆን፣ ለ ሊኞን ከሚባለው ረጅም ሕንፃ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ቤት ተሰጣቸው። አቶ ገረመው በዚያው ቤት በ2011 አረፉ። ኅሩይ ፈረንሳይኛውን አጥንተው፣ በኮምፒውተር ሙያ አፕረንቲሳዥ የሚባለውን የሥራ ላይ ሥልጠና ጨርሰው፣ በ2014 ወደ ዙሪክ ተሻገሩ። በዙሪክ ዳር ሽሊረን ውስጥ በአንድ አነስተኛ ድርጅት ተቀጠሩ። በ2015 ከወይዘሮ ሔዋን ፊሊጶስ ጋር በተክሊል ተጋብተው እዚያው አቅራቢያ አድሊስቪል ኑሮ መሠረቱ፤ በ2018 ልጃቸው ማራኪ ተወለደች።

ሥራቸው የሌሎች ድርጅቶች ፕሮግራም ውስጥ ቀዳዳ ፈልጎ ለባለቤቱ መንገር ነበር። አያታቸው ይህን ሲሰሙ ደነገጡ። «የሰው በር እየገፋህ ነው እንጀራ የምትበላው? ቢይዙህስ?»

«ሌባ ሳይገፋው ገፍቼ እንድነግራቸው ነው የሚከፍሉኝ፣ እማዬ።»

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስባቸው አንቲቫይረስ የሚባለው ነው። ነገሩን ለአያታቸው በዘበኛ መስለው አስረድተዋቸዋል። ወደ ኮምፒውተሩ የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ ከባለቤቱ በፊት ከፍቶ የሚመረምረው እሱ ነው። የቤቱ ቁልፍ ሁሉ በእጁ ነው። ዘበኛው ራሱ ጉድለት ካለበት ሌባ ባለቤቱን ማታለል አያስፈልገውም፤ ደብዳቤውን መላክ ብቻ ይበቃዋል። ባለቤቱ ባይነካውም ዘበኛው ይከፍተዋል። በዚያች ደቂቃ ዘበኛው የሌባው ይሆናል፤ አረንጓዴው ምልክት ግን «ተጠብቀዋል» እያለ መብራቱን አያቆምም።

በየካቲት 2016 ኅሩይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ በአንድ በሰፊው በሚሠራበት አንቲቫይረስ ውስጥ አገኙ። የድርጅቱን ስም እዚህ ማንሳት አያስፈልግም። በሙያቸው ልማድ ባለቤቱን በምስጢር አስታውቀው ዘጠና ቀን ሰጡት። በዘጠና ቀን ካልጠገነ ሕዝቡ ዘበኛውን ከቤቱ እንዲያስወጣ በይፋ ይነገረዋል። ከዚያ ባነሰ ጊዜ መጠገን ይከብዳል፤ ከዚያ በላይ ሲቆይ ደግሞ አንድ ሰው ያየውን ቀዳዳ ሌላው ማየቱ አይቀርም።

ዘጠናው ቀን ሊሞላ ሲል ድርጅቱ ሠላሳ ቀን እንዲጨመርለት በትሕትና ጻፈ። ኅሩይ በዚያው ሰሞን አያታቸውን ሊጠይቁ ጄኔቭ መጥተው፣ ስም ሳይጠሩ ነገሩን አጫወቷቸው። ወይዘሮ አፀደም እንዲህ አሏቸው፦ «ለምነውህ የለም እንዴ? የለመነን ሰው ፊት አይነሱትም። አንተ ስደተኛ ነህ፣ ኅሩዬ፤ ትልልቅ ሰዎች አታስቀይም። ሠላሳ ቀን ምን አላት? ጨምርላቸው።» የዚህ አገር ተወላጅ ቢሆን ደንቡን አሳይቶ ነገሩን ይዘጋው ነበር። ኅሩይ ግን ይሉኝታ ይዟቸው ጨመሩ። የዚያኑ ዕለት ከአያታቸው ኮምፒውተር ላይ ያንን ዘበኛ አነሱት፤ ለምን እንደሆነ አልተናገሩም።

ጄኔቭ ውስጥ ስደተኞችን የሚረዳ የወገን ማኅበር ነበር፤ ዛሬም አለ። ሰዎች ከአገር የወጡበትን ምክንያት፣ የደረሰባቸውን፣ ጥለዋቸው የመጡትን ዘመዶች እየተናገሩ ያስጽፉ ነበርና ሁሉም በማኅበሩ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ማኅበሩ በቅርቡ ያንኑ ዘበኛ መጠቀም መጀመሩን ኅሩይ አያውቁም ነበር። ለመጠየቅ ምክንያቱን መናገር ነበረባቸውና አልጠየቁም።

በተጨመሩት ቀናት መካከል፣ በሰኔ ወር፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ወይዘሮ ሕብስት ብቻቸውን ቢሮ ተቀምጠው ነበር። ቀትር ነው፤ ፀሐይ አለ። የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጃቸው እንደያዙ፣ በኮምፒውተሩ መስተዋት ላይ ያለችው ቀስት ማንም ሳይነካት ተንቀሳቀሰች። በስሞቹ ዝርዝር ላይ ቀስ እያለች ወረደች፤ የሚያነብ ሰው ጣት ትመስል ነበር። አንድ ስም ላይ ቆመች። ከፈተችው። ሕብስት መጀመሪያ አልፈሩም፤ ኅሩይ ከዙሪክ ሆነው አልፎ አልፎ ያግዟቸው ነበርና እሳቸው መሰሏቸው።

«ኅሩይ፣ አንተ ነህ?» አሉ ጮክ ብለው።

ቀስቷ ቀጥ አለች። የሰማች ይመስል። ከመስተዋቱ በላይ ያለችው ትንሿ የካሜራ መብራት በራች፤ እንደ ሰው ዓይን ጥቂት ቆይታ ጠፋች። ቀስቷም ንባቧን ቀጠለች። ከታች በኩል አረንጓዴው «ተጠብቀዋል» ይላል። ሕብስት ገመዱን ከግድግዳው ሲነቅሉ ሻዩ እግራቸው ላይ ፈስሶ ነበር፤ መቃጠላቸውን ያወቁት ትራም ውስጥ ነው።

ቀስቷ የቆመችበት ስም ከማል የሚባል የአንድ ወጣት ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ አገር ቤት እናቱ ዘንድ አንድ የማይታወቅ ሰው መጣ። ጨዋ ሰው ነበር። ተቀመጠ፣ የቀረበለትን ውኃ ጠጣ፣ «የከማል ግራ ጉልበት ተሻለው ወይ?» ብሎ ጠይቆ ሄደ። ስለ ጉልበቱ ከማል የተናገረው ለማኅበሩ ብቻ ነው፤ እናቱም አያውቁም ነበር። እናቲቱ በማግስቱ ቤታቸውን ዘግተው ወጡ። አራት ወር ሙሉ የት እንደደረሱ አልታወቀም። ሰውዬው ማን እንደነበረ፣ ማንስ እንደላከው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ድርጅቱ ቀዳዳውን የደፈነው በተጨመረው ጊዜ በሃያ ሰባተኛው ቀን ነው። የምስጋና ደብዳቤም ልኳል።

ከማል ነገሩን ሲሰማ በባቡር አድሊስቪል ድረስ መጣ። ግባ ቢባል አልገባም።

«ቀዳዳው እንዳለ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ዘጠና ቀኑ ሲያልቅ ተናግረህ ቢሆን ኖሮስ?»

«ሕብስት አንቲቫይረሱን ያን ቀን ታነሳው ነበር» አሉ ኅሩይ። ሠላሳው ቀን ከማን አፍ እንደወጣ ለከማል አልነገሩትም፤ ለማንም አልነገሩም። ይህንን ዛሬ የሚናገሩት ወይዘሮ አፀደ ራሳቸው ናቸው።

የከማል እናት በኋላ ከሩቅ ዘመድ ቤት በሕይወት ተገኝተዋል፤ አምላክ ይመስገን። ከማልም ከኅሩይ ጋር ታርቆ እንደ ወንድም ሆነ። ዛሬ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው። ኅሩይ ግን እንደ ድሮው አልሆኑም። ኮምፒውተር ላይ ቀስት ባዩ ቁጥር እጃቸውን አንስተው፣ ራሷ ትንቀሳቀስ እንደሆነ ጥቂት ይጠብቁ ነበር። በሥራቸውም ቃላቸው አንድ ብቻ ሆነ፦ ዘጠና ቀን፤ ሌባው ቀድሞ መግባቱ ከታወቀ ሰባት ቀን፤ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አይጨመርም። ትልልቅ ድርጅቶች ጨካኝ ነው እያሉ ለአለቃቸው ከሰሷቸው። አያታቸውም ስለ እንጀራቸው ፈርተው ለማለዘብ ሲሞክሩ «እማዬ፣ ቀኑ የእኔ ቢሆን እሰጣቸው ነበር፤ የከማል እናት ቀን ነው እኮ» ይሏቸው ነበር።

በ2022 መጸው ላይ ድካም፣ ቀጥሎም ትኩሳት ጀመራቸው። አያታቸው ብርድ ነው ብለው ከጄኔቭ ሹራብ ላኩላቸው። ሐኪሞች የደም ካንሰር መሆኑን ተናገሩ። ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ኮምፒውተራቸው ከጭናቸው አልወረደም፤ በዚያው አልጋ ላይ በዚያው ድርጅት ዘበኛ ውስጥ ሌላ ቀዳዳ አገኙ። ማርች 1 ቀን 2023 ለድርጅቱ ጻፉ። ዘጠናኛው ቀን ሜይ 30 ነው።

ቀኑን እንደማይደርሱበት ገብቷቸው ኖሮ አንድ ነገር አዘጋጁ። አድሊስቪል ባለው የሥራ ክፍላቸው ያለው ኮምፒውተር በየማለዳው ራሱ ተነስቶ፣ ቀዳዳው ተደፍኖ እንደሆነ ይመረምራል። ከተደፈነ ዝም ይላል። ካልተደፈነ በዘጠናኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ማስጠንቀቂያውን ለሕዝብ ሁሉ፣ ለሚያውቋቸውም በየስልካቸው ይልካል። ማስጠንቀቂያው ዘበኛውን እንዴት ማስወጣት እንደሚቻል እንጂ ሌባ እንዴት እንደሚገባ አይናገርም። ማስቆሚያውን ቃል፣ ሃያ አራት የተደባለቀ ፊደል፣ በአንዲት ወረቀት ጽፈው ለሔዋን ሰጡ። ሌላ ቅጂ የለውም።

አቶ ኅሩይ በተወለዱ በሠላሳ አምስት ዓመታቸው ሜይ 23 ቀን 2023 ከዚህ ዓለም ተለዩ። ቀኑ ሰማንያ ሦስተኛው ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ለቅሶ ቤቱ ገና ፀጥ ብሎ ሳለ፣ ከተዘጋው ክፍል የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ተነሳ። በበሩ ሥር ሰማያዊ ብርሃን ወጣ። ሳሎን የተኙት ለቀስተኞች ቀና አሉ። የአምስት ዓመቷ ማራኪ በባዶ እግሯ ሮጣ በሩ ላይ ቆመች። «ፓፒ ኢሽ ዋህ!» አለች፤ አባቴ ነቅቷል ማለቷ ነው። ብርሃኑ ጥቂት ቆይቶ ጠፋ። በማግስቱም እንዲሁ። ዛሬ ማለዳም እንዲሁ። ወይዘሮ አፀደ ብርሃኑ በጠፋ ቁጥር የክፍሉን እጀታ አንዴ ሳብ እያደረጉ መመለስ ልማድ ሆኖባቸዋል።

በአራተኛው ቀን ከድርጅቱ ስልክ ተደወለ። ሰውዬው ጨዋ ነበር። አጽናና፤ ቀጥሎም ለሐዘኑ ክብር ሲባል ማስጠንቀቂያው ሠላሳ ቀን ብቻ እንዲቆይ ቤተሰቡን ለመነ። ሔዋን ወረቀቷን እንደያዙ ወደ አያትየው ዞሩ።

«እማማ፣ ምን ልበላቸው?»

ወይዘሮ አፀደ የማይፈሩት ነገር የለም። ባቡር ይፈራሉ፣ ፖስታ ይፈራሉ፣ ለማራኪ ደግሞ ነፋሱንም ይፈራሉ። ሰው ፊት መንሳትም በሕይወታቸው አልሆነላቸውም። እጃቸውን ዘርግተው ወረቀቷን ከሔዋን ተቀበሉ፣ አጣጠፉ፣ በመሐረባቸው ቋጠሩ።

«አንድም ቀን በያቸው።»

ያች መሐረብ አሁን ከኅሩይ ቀኝ እጅ ሥር ናት። ሣጥኑ ሲዘጋ ያየ ያውቃል። አብራቸው ትወርዳለች።

ያንን ዘበኛ ቤታችሁ ያላችሁ፣ እንዴት እንደሚወጣ የማታውቁ፣ ወይዘሮ ሕብስትና ከማል በሩ አጠገብ ቆመው ያሳዩአችኋል፤ አትፈሩ፣ ማንም አይስቅባችሁም። የቀብሩ ሥርዓት ዛሬ፣ በዘጠናኛው ቀን፣ በአድሊስቪል መካነ መቃብር ከረፋዱ አምስት ሰዓት ይጀመራል። እኩለ ቀን ላይ፣ አፈር ሲመለስ፣ የሁላችሁም ስልክ በየኪሳችሁ ባንድ ጊዜ ቢጮህ አትደንግጡ። እሳቸው ናቸው።

አቶ ኅሩይ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሔዋንን፣ ልጃቸውን ማራኪን፣ አያታቸውን ወይዘሮ አፀደን፣ ወንድም ያሉትን ከማልን ትተው ሄደዋል። ለሰው ሁሉ ቀጠሮ አክብረዋልና፣ አምላክ ነፍሳቸውን ሲቀበል ከበሩ ላይ አንዲት ቀን እንኳ አያቆያቸው። አሜን።