ለደመራው እንጨት የሚሆን ጎማ

መስከረም 6፣ ማክሰኞ

ተናግሬ አረፍኩት! «የዘንድሮን የደመራ እንጨት እኔ አመጣለሁ» ብዬ፣ በኮሚቴው ሁሉ ፊት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይሉ የለ። ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጥግ አንዱ «በምን?» አለ። «በፒካፔ ነዋ!» አልኩ። ሳቁ።

ይሳቁ። አምና የሆነውን ረሱት እንዴ? የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጋሽ ወንድሙ እንጨት ሊያመጡ በገዛ መኪናቸው ሄደው፣ ጫካ ውስጥ ጭቃ ይዟቸው ቀሩ። እኛም ከነዳጅ ማደያ በላስቲክ የተጠቀለለ እንጨት ገዝተን ደመርን። ቁመቱ ከኔ አይበልጥም ነበር። ልጆቹ የሽርሽር እሳት መስሏቸው እሳት ላይ የሚጠበሰውን ከረሜላ፣ ማርሽሜሎ፣ ይዘው መጡ! ዛሬ ሁሉም ሲስቅ ያልሳቁት ጋሽ ወንድሙ ብቻ ናቸው። ምርኩዛቸውን ሲያሻሹ አየኋቸው።

እንጨቱ ያለው የካረን ቤተሰብ መሬት ላይ ነው። ካረን አብራኝ የምትሠራ ነርስ ናት። ከከተማው ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሲነዳ የአባቷ ጫካ አለ፤ ነፋስ የጣለው ደረቅ ጥድ ሞልቶበታል፣ «የፈለጋችሁትን ውሰዱ» ብላናለች። ችግሩ የመጨረሻዎቹ ሁለት ማይሎች ናቸው። ዝናብ የጣለ እንደሆነ ጭቃ ብቻ። ጋሽ ወንድሙም አምና የቀሩት እዚያው ነው።

ዓርብ መስከረም 16 ከቀትር በፊት እንጨቱ እዚህ መድረስ አለበት። ዐሥር ቀን አለኝ። ፒካፑ ጤነኛ ነው። ጎማው ግን... ባሌ ታደሰ ጎንበስ ብሎ በባትሪ አየውና «ሰብሊ፣ ይሄ እኮ ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን ነው» አለኝ።

እንግዲህ ጎማ ልገዛ ነው! ለምን እንዲህ ደስ እንዳለኝ አላውቅም። ጫማ ስገዛ እንኳ እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

መስከረም 8፣ ሐሙስ

ከሥራ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ፣ ጋሽ ደሳለኝ ጋ። ጎሚስታ ነው። ድሮ የአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ስለ ጎማ ሲያወራ ስለ ልጆቹ የሚያወራ ነው የሚመስለው።

እንደገባሁ ዓይኔ አንዱ ላይ አረፈ። ጥቁር፣ ወፍራም፣ በጥርሶቹ መካከል ጣቶቼ ይገባሉ። «ይሄን!» አልኩ።

«የት ልትሄጂበት?»

«ጫካ!»

«በዓመት ስንቴ?»

«እ... ሁለቴ፣ ሦስቴ።»

«ሌላውን ጊዜስ?»

ጎማውን በጣቴ መታ መታ አደረግኩ። ሳቀብኝ። «ሰው ጎማ የሚገዛው ለሚመኘው መንገድ ነው፤ ጎማው የሚያልቀው ግን በሚሄድበት መንገድ ነው» አለኝ። ከዚያ አንድ በአንድ አስረዳኝ፤ እንዳልረሳው፦

የአስፋልቱ፦ ድምፁ አይሰማም፣ ነዳጅ አይበላም። ጭቃ ሲያይ ይተኛል።

የጭቃው (የኔ ቆንጆ!)፦ ጭቃ ላይ አንበሳ። አስፋልት ላይ ያጓራል። የሚኒሶታ በረዶ ላይ ደግሞ ሳሙና የረገጠ ሰው ነው።

ኦል ቴሬይን የሚባለው፦ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ። ጎኑ ላይ ተራራና የበረዶ ቅንጣት ከተሳለበት ለክረምቱም ተፈትኖ ያለፈ ነው።

«ከሁሉም ትንሽ ትንሽ» ሲለኝ ደበረኝ። እውነቱን ለመናገር ትልቁን ነው የምፈልገው። ጋሽ ደሳለኝ ፊቴን አይቶ የቤት ሥራ ሰጠኝ፦ «እስከ እሑድ የሄድሽበትን መንገድ ሁሉ ጻፊ። ከቅዳሴ በኋላ እናነበዋለን።»

ደብተሩ ከዛሬ ጀምሮ መኪና ውስጥ ነው።

መስከረም 11፣ እሑድ

የቤት ሥራዬ፦

ዓርብ፦ ከቤት (ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ) ሴንት ፖል። ቤት ለቤት ስድስት ታማሚ። አስፋልት፣ አስፋልት፣ አስፋልት።

ቅዳሜ፦ ሦስት ታማሚ። ሃይዌይ ላይ ከባድ ዝናብ። የአንዷ አሮጊት ደጅ ላይ ትንሽ ጠጠር አለ።

እሑድ፦ ቤተ ክርስቲያን። ፓርኪንጉ ሞልቶ ሣር ላይ አቆምኩ። (ይቆጠራል?)

ጫካ፦ ዜሮ።

ጋሽ ደሳለኝ ከአዳራሹ ደጅ ቆሞ አነበበና «ዜሮ» የምትለውን በጣቱ ጠቁሞ ደብተሩን መለሰልኝ። ግን ሐበሻ ምክር ተጠይቆ ነው የሚሰጠው? አንዱ «ሰፊ ግዢ!»፣ አንዱ «ቀጭን ነው ጭቃ የሚቆርጠው!»፣ ፒካፕ ነድቶ የማያውቅ ሰው «ሁለት ብቻ ቀይሪ፣ ይበቃል!» እያሉ ራሴን አዞሩት።

ወሰንኩ። ኦል ቴሬይን፣ ተራራና በረዶ ያለበት፣ ፋብሪካው ባዘዘው ልክ። ጋሽ ደሳለኝ «የልኩን ቁጥር አንድም እንዳታሳድጊው» አለ። ለከባድ ጭነት የተሠራውንም እንዳልወስድ ነገረኝ፤ ሲሚንቶ ለሚጭን ነው፣ አንቺን ሲያነጥርሽ ይውላል አለኝ። ረቡዕ ይታሰራል። ፎቶውን ስልኬ ላይ ስንቴ እንዳየሁት! ታደሰ «እኔን ስታጪኝ እንኳ ፎቶዬን እንዲህ አላየሽውም» ይላል። አላጨሁህም፣ አንተ ነህ ያጨኸኝ።

መስከረም 12፣ ሰኞ

ወይ ጉድ። ወይ ጉዴ!

ከሥራ ስመለስ ደጃችን ላይ ጋሽ ወንድሙ ቆመዋል። ከኮሚቴው ሦስት ሰዎች አብረዋቸው አሉ። መሬት ላይ አራት ጎማ፣ ከነቸርኬው። የጭቃው ዓይነት! ግዙፍ! «ሰብልዬ፣ እነዚህን ከጋራዤ አወጣሁልሽ። ለደመራው ይሁንሽ» አሉኝ። እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ፦ «መንገድሽን ያቅናው፣ ካሰብሽው ያድርስሽ።» አሜን ብዬ ሳልጨርስ ሰዎቹ ክሪክ አምጥተው መኪናውን አነሱት።

«አይ ጋሽዬ፣ አዝዣለሁ እኮ» ማለት ነበረብኝ። አራት ቃል ነው። ምን ብዬ ልበላቸው? በታመመ ጉልበታቸው፣ ምርኩዝ ይዘው ደጄ ድረስ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽዬ!» አልኩና ጉልበታቸውን ሳምኩ። ሰዎቹ ሲሄዱ ለጋሽ ደሳለኝ ደውዬ ትእዛዙን ሰረዝኩ። «እሺ» ብቻ አለኝ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ታደሰ ጎማዎቹን አንድ ጊዜ ዞሮ አያቸውና ወደ ቤት ገባ።

ግን ቁመናው! ጎረቤቴ ውሻውን እያናፈሰ ቆሞ አየው። ትንሽ ኮራሁ፣ አልዋሽም።

መስከረም 13፣ ማክሰኞ

ኩራቴ ሃይዌይ እስክገባ ነበር። ሲያጓራ ሬዲዮው አይሰማም። መሪውን ሙሉ ሳዞር ፓራፋንጎውን ይፍቀዋል፣ ግርርር! የመጀመሪያዋ ታማሚዬ በር ከፍታ «አውሮፕላን ነው?» አለችኝ።

ይሄ ሁሉ ያስቃል። የሚያስቀው ግን እዚህ ላይ አለቀ። ከሰዓት በኋላ ዘነበ። ከሃይዌይ ወጥቼ መብራት ላይ ፍሬን ያዝኩ፤ መኪናው አልቆመም። ተንሸራተተ። ከፊቴ የነበረችው ትንሽ መኪና የኋላ ወንበር ላይ የልጅ መቀመጫ ይታየኛል። አንድ ክንድ ሲቀረኝ ቆመ።

በቀጥታ ጋሽ ደሳለኝ ጋ። ተንበርክኮ የጎማው ጎን ላይ ያለውን ቁጥር በጣቱ እየተከተለ አነበበ። የተሠራበት ሳምንትና ዓመት እዚያ ላይ ይጻፋል ለካ። «ይሄ ጎማ ከልጅ ልጄ ይበልጣል» አለ። ጥርሱ አዲስ ይመስላል፣ ጎማው ግን ደርቋል፤ በጥርሶቹ ሥር እንደ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል።

«እንግዲህ የሰረዝኩትን...» ስል፣ እጄን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። አራቱ ኦል ቴሬይን ቁጭ ብለዋል! «አልሰረዝኩትም» አለ። «ሰው ደጅሽ ላይ ጎማ ይዞ ሲመጣ እምቢ የምትይ ልጅ አይደለሽም። ጭቃ ሲይዝሽም ነዳጅ አትርገጪ፤ የጎማውን ንፋስ ከሠላሳ አምስት ወደ ሃያ ቀንሺ። በረሃው ላይ አሸዋ የምንወጣው እንዲያ ነበር።»

ላቅፈው ምንም አልቀረኝም። ግን ዛሬ እንዲያስር አልፈቀድኩለትም። ጋሽ ወንድሙን ሳልነግራቸው አልቀይርም። ነገ የታደሰን መኪና ይዤ እሠራለሁ።

መስከረም 14፣ ረቡዕ

መንገዱን ሁሉ ብቻዬን ስለማመድ ነበር። «ጋሽዬ፣ ጎማው ጥሩ ነው ግን...» አይሆንም። «ጋሽዬ፣ ባለሙያው እንዳለው...» ይሄም አይሆንም። ሴንት ፖል ቤታቸው ስደርስ የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝና «ጋሽዬ፣ ጎማው ሊገድለኝ ነበር!» አልኩ። አፌን በቆረጠው!

ምንጣፉን እያዩ ነገሩኝ። አምና ከጭቃው ጎትቶ ያወጣቸው ሰው እየሳቀ ነበር። በማግስቱ እነዚህን ጎማዎች ከሰው ገዙ፤ ዓመት ቆይቼ እገባለሁ ብለው። በክረምቱ የጉልበታቸው ጅማት ተቀደደ፣ መኪናው ላይ መውጣት አቃታቸው፣ ሸጡት። ጎማዎቹን ግን አልሸጧቸውም።

«እኔ ባልገባ ጎማዎቼ እንኳ ይግቡ ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

አለቀስኩ። ነርስ ነኝ፣ ስንት ነገር አይቼ አላለቅስም፤ እዚህ አለቀስኩ። ከዚያ እንባዬን ጠረግኩና «ጎማዎቹ አይገቡም። እርስዎ ይገባሉ! ነገ ጠዋት ከፊት ወንበር። መወጣጫ በርጩማ ይዤ እመጣለሁ» አልኳቸው።

«እኔ? በዚህ ጉልበት?»

«ጉልበቱ እኮ የጎማው ነው!»

ሳቁ። ማታውን ጎማው ታሰረ። ወደ ቤት ስነዳ ዝም ያለ ነው፣ መሪው ቅቤ። አንድ ነገር ብቻ ያሰጋኛል፦ ዝናቡ አላቆመም።

መስከረም 15፣ ሐሙስ

ገባን! ወጣንም! በቅደም ተከተል ልጻፍ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው።

ታደሰ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ከሥራው አንድ ቀን ወስዶ ከኋላ ተቀመጠ። ጋሽ ወንድሙ ከፊት፣ በርጩማዋ እግራቸው ሥር። አስፋልቱ አለቀ፣ ጠጠሩ አለቀ፣ ጭቃው መጣ። የመጀመሪያውን ማይል ቀስ ብለን ሄድን፤ ጎማው እየቆነጠጠ ይወጣል። እልል ልል ትንሽ ሲቀረኝ፣ ጋሽ ወንድሙ ምርኩዛቸውን ጠበቅ አድርገው «አምና እዚህ ነው» አሉ።

መታጠፊያ ነው፣ ዝቅ ያለ፣ ውሃ ያቆረ። ገባሁ። ሰመጥን። ደንግጬ ነዳጅ ረገጥኩ፤ ጭቃው መስተዋቱን ሸፈነው። «ልቀቂው! ልቀቂው!» ሁለቱም ጮኹ። ለቀቅኩት። ነገ ደመራ ነው፣ ስልኩ አይሠራም፣ በዓሉ ሁለተኛ ዓመት ሊበላሽ ነው፣ እሳቸውም ሁለተኛ ሊዋረዱ ነው።

የጋሽ ደሳለኝ ቃል ትዝ አለኝ። «ንፋስ!» አልኩ። ወርጄ ሳልጨርስ ጋሽ ወንድሙ በራቸውን ከፈቱ። «ጋሽዬ፣ ይቀመጡ እንጂ!» ማን ይሰማል? በርጩማዋን ጥለው ጭቃው ውስጥ ቆሙ፣ ተደግፈው ጎንበስ አሉና በቁልፋቸው ጫፍ የጎማውን ንፋስ መተንፈሻ ተጫኑ። ፍስስስ። እኔ መለኪያውን ይዤ «ሠላሳ... ሃያ አምስት... ሃያ! በቃ!» አራቱንም ሌላ ሰው አላስነኩም። ታደሰ ደግፎ ያዞራቸዋል እንጂ እጁን አያስገባም።

ተመልሰን ገባን። ማርሹን በዝቅተኛው፣ ነዳጁን እንደ እንቁላል። ጎማው ሆዱን ዘርግቶ ጭቃውን ያዘው። ተንቀጠቀጠ። ሄደ። ሄደ!! እልልታዬን እዚያ ስትጠብቀን የነበረችው ካረን ከአባቷ ቤት ደጅ ሰማችው፤ ድብ የበላኝ መስሏት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሞልተን ወጣን። የደመራው መሃል ምሰሶ ከኋላ ተርፎ ቀይ ጨርቅ አስረንበታል። ጠጠሩ ላይ ቆመን በትንሿ መንፊያ ንፋሱን ወደ ሠላሳ አምስት መለስን። ጋሽ ወንድሙ እስከ ሴንት ፖል ተኙ፣ ጭቃ እስከ ጉልበታቸው።

መስከረም 16፣ ዓርብ

ደመራው ቆመ፤ የምሰሶው ጫፍ ከአዳራሹ ጣሪያ በላይ። በስብሰባው የሳቁት ሁሉ እየዞሩ እንጨቱን ያዩታል። አንዱ መጥቶ «ምን ዓይነት ጎማ ነው?» አለኝ። የዚያን ማክሰኞ በስብሰባው «በምን?» ያለው ነው!

የጋሽ ወንድሙ አሮጌ ጎማዎችም ሥራ አገኙ፦ ልጆቹ ወደ እሳቱ እንዳይቀርቡ ራቅ አድርገን በመስመር አስተኛናቸው፣ ልጆቹም ተሰልፈው ተቀመጡባቸው። ማርሽሜሎ የያዘ የለም።

ፀሐይ ስትገባ ተለኮሰ። ምሰሶው ወዴት እንደሚወድቅ ሁሉም አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። ዘመመ፣ ተመለሰ፣ ዘመመ፣ ከዚያ ጭቃውን ያላጠብኩት ፒካፔ ወደቆመበት ወደ ፓርኪንጉ አቅጣጫ ወደቀ። ጫጫታ! «ጥጋብ ነው!»፣ «የለም፣ የመንገድ ዓመት ነው!» ሽማግሌዎቹ እስካሁን አልተስማሙም።

እኔ የማየው ጋሽ ወንድሙን ነበር። ፒካፑ አጠገብ በርጩማዋ ላይ ተቀምጠው፣ ለሚያልፈው ሁሉ በምርኩዛቸው ጎማውን እየጠቆሙ «ንፋሱን የቀነስኩት እኔ ነኝ» ይላሉ። ለቄሱም አሉ። ለእኔም ሁለቴ አሉኝ፣ እዚያ እንዳልነበርኩ ሆኜ ሰማኋቸው።